ዝም ያለ ተስማምቷል

ሊቁ እህቱን "ነይና ከተማዬን ጎብኚ" ለማለት ሠላሳ ዓመት ፈጀበት። እሷ ባደጉባት ትንሽ ከተማ መጋረጃ ስትሰፋ፣ እሱ በሩቅ ከተማ ባለ ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ተማሪ፣ ቀጥሎ መምህር፣ ኋላም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሲሆን፣ አንድም ቀን "የምውልበትን ላሳይሽ" ብሏት አያውቅም። ዘንድሮ ግን ገና ጸደዩ ሲገባ ደወለና፣ "ዛፉ ሁሉ አብቧል፤ በዚህ ወቅት ይህን ከተማ ያላየ ሰው ምኑን ኖረ! የባቡር ትኬትሽን ቆርጫለሁ" አላት። እህት ደነገጠች። ሊቁ ለእንግዳ ዳቦ ሲቆርጥ እንኳ እጁ የሚከብደው ሰው ነው፤ ትኬት ቆረጠ ሲባል ማን ያምናል?

"ሊቁ" ብላ ስም ያወጣችለት እናታቸው ናት። ገና ፊደል ሳይቆጥር ጋዜጣ ዘርግቶ ሲያነብ አይታ ነው። ጋዜጣው ተገልብጦ እንደነበር ግን ለሰው ስታወራ ትዘለዋለች። ከተመረቀ በኋላ ደግሞ "ከእንግዲህ ወንድምሽን አንቱ በይው፣ የተማረ ሰው ነው" ብላ አዘዘች። በዚህ ምክንያት መጋረጃ ሰፊዋ፣ በአንድ ዓመት ብቻ የሚበልጣትን፣ ያውም ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሮ ከእሷ እኩል ትምህርት የጨረሰውን ወንድሟን፣ ይኸው እስከ ዛሬ "ጋሼ" እያለች አንቱ ትለዋለች።

ግብዣው ቢያስደነግጣትም ደስ ብሏት ነበር። አንዲት ልጇን ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተቀብለዋታል። ውጤቱ የመጣ ዕለት እናትና ልጅ ሱቁ ውስጥ በጨርቅ ጥቅልሎች መሀል ተቃቅፈው ጮኸዋል። ልጅቷን ያሳደገቻት ብቻዋን ነው፤ ባል የተባለው ሰውዬ "መጣሁ" ብሎ እንደወጣ እስካሁን እየመጣ ነው። ስለዚህ "ልጄ የምትኖርበትን ቀድሜ ልየው" አለች። ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ የዋለችውን እናቷን ለልጅቷና ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ፣ አዲስ ጫማ ተጫምታ ተሳፈረች።

የከተማው ነገር መቼም አይካድም፣ ያምራል። ከጣቢያው እስከ ወንዙ መንገዱ ግራና ቀኙ የአበባ ዛፍ ነው፤ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ነጩ አበባ እየረገፈ የሰው ፀጉር ላይና የብስክሌት ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ተማሪዎቹ ሣሩ ላይ ተዘርረው፣ መጽሐፍ ፊታቸው ላይ ደፍተው ይተኛሉ፤ ሲጠየቁ "ሳነብ ዋልኩ" እንደሚሉ ጥርጥር የለውም። የድንጋዩ ደረጃ ከእግር ብዛት መሀል መሀሉ ጎድጉዷል። የመጋረጃ ሰፊዋ ዓይን ግን መስኮቶቹ ላይ ነበር። ከወለል ተነስተው ጣሪያ የሚነኩ፣ ጫፋቸው የሾለ መስኮቶች ናቸው። "ይሄን ማን ወጥቶ ለካው? ዘንጉንስ የት ላይ ሰቀሉት? አንዱ ብቻውን እኮ ጣቃ ጨርቅ ይበላል" እያለች አንገቷ እስኪደነዝዝ ሽቅብ ታያለች። ልጇ ከእነዚህ መስኮቶች በአንዱ ሥር ቁጭ ብላ ስታነብ በሐሳቧ ታያት።

ሊቁ ግን መስኮት አላስጎበኛትም። ያስጎበኛት ራሱን ነው።

"ይህች አግዳሚ ወንበር ትታይሻለች? ለመጀመሪያው ፈተና ያጠናሁት እዚህች ላይ ነው። ያ ማዶ ያለው ሦስተኛ ፎቅ የእኔ መኝታ ክፍል ነበር። እዚህ ድልድይ ላይ ደግሞ ተቃቅፈን ስንዘፍን ዘበኛ ያባርረን ነበር። ወይ ወጣትነት!"

"እሰይ ጋሼ፣ ደስ ይላል" ትላለች እሷ። መጀመሪያ ላይ ከልቧ ነበር። ሁለተኛውን ግቢ አልፈው ሦስተኛው ሲደርሱ ግን ንዴት ይነሳባት ጀመር። እሱ ድልድይ ላይ ተቃቅፎ በሚዘፍንበት ዘመን እሷ አልጋ የያዘችውን አያታቸውን ጀርባዋ እንዳይቆስል ታገላብጥ፣ አንሶላ ታጥብ፣ በመሀል ደግሞ የአባቷን የስፌት መኪና ትረግጥ ነበር። ሰውዬው ይሄን አያውቅም አይባልም። ለእረፍት ሲመጣ የታጠበ ልብሱን አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ የምትከትለት ማን ነበረችና?

"ጋሼ፣ እዚህ ድልድይ ላይ ብዙ ጊዜ ዘፍነዋል?" አለችው።

"ኧረ ስንቱ ይቆጠራል!" አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

እንግዲህ የቤታቸው ሕግ ካልተነገረ ንዴቷ ከየት እንደመጣ አይገባም። አባታቸው ነገር ማመላለስ የማይወድ ሰው ነበር። አንድ ጉዳይ ሲኖር በእራት ሰዓት ገበታ ላይ ያነሳዋል፤ አንዴ ይጠይቃል፤ የተናገረ ተናገረ፣ ዝም ያለ ተስማምቷል። ሳህኑ ሲነሳ ጉዳዩም ተዘጋ። "ዝም አይነቅዝም" ይል ነበር፤ ዝምታ ሰውየውን ራሱን ሲያነቅዘው ግን አላየም።

ወንድምና እህት ትምህርት በጨረሱበት ዓመት ሁለቱም ለዚያ ዩኒቨርሲቲ አለፉ፤ የእሷ ውጤት እንዲያውም ይበልጣል። አያታቸውን የሚያነሳ የሚያስተኛ ሰው ግን ያስፈልግ ነበር፤ ወይ እሱ ወይ እሷ መቅረት አለባቸው። አባት ጉዳዩን ገበታ ላይ ያነሳው እሷ መንጋጋ ጥርሷን በተነቀለችበት ዕለት ነው። አፏ በጥጥ ተጠቅጥቋል፤ ጉንጯ አብጦ ፊቷ የሌላ ሰው መስሏል፤ ሐኪሙም "እስከ ጠዋት ጥጡን እንዳታወጪ፣ እንዳትናገሪ፣ ደም ይፈሳል" ብሏታል። ይህን ሲል አጠገቧ የቆመው፣ ከሐኪም ቤትም ደግፎ ያመጣት ሊቁ ነበር።

"አያታችሁን ማን ይይዛል?" አለ አባት፣ ዓይኑ ሳህኑ ላይ እንደሆነ።

"እኔ ብሄድ ይሻላል" አለ ሊቁ ፈጠን ብሎ።

አባት ትንሽ ጠበቀ። እሷ ጉንጯን ይዛ እንባዋ ይወርዳል፤ እሱም የጥርስ ሕመም ነው ተባለ። ሳህኑ ተነሳ። በነጋታው ጥጧን አውጥታ "አባዬ፣ እኔም እኮ መሄድ እፈልጋለሁ" ስትል፣ አባት ሻዩን ሳያስቀምጥ "ማታ የት ነበርሽ?" አላት። ሊቁ ያን ጊዜ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሻይ ያማስላል። "አባዬ፣ እሷ እኮ መናገር አትችልም ነበር" ማለት ይችል ነበር። ስኳሩ ሟምቶ አልቋል፤ እሱ ግን ማማሰሉን አልተወም።

ያንን ማማሰል ነው እሷ ሠላሳ ዓመት ስትሰማ የኖረችው። መንፈሷ ሲረጋጋ ትረሳዋለች። አሁን በዚያ አበባ በረገፈበት ግቢ "እዚህ ጋ እኔ፣ እዚያ ጋ እኔ" ሲላት ግን ንዴቱ ትናንት የተወለደ ይመስል ትኩስ ሆኖ መጣባት።

"አሁን ደግሞ የከተማውን ዕንቁ ላሳይሽ፤ ቤተ መጻሕፍቱን" አላት ሊቁ።

ለጎብኚ የተፈቀደው ከንባብ አዳራሹ በላይ ያለው ጠባብ ሰገነት ብቻ ነው። ከዚያ ሆነው ወደ ታች ሲያዩ ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ አረንጓዴ መብራቶች፣ የተደፋ የተማሪ ራስ ብቻ ይታያል። በሩ ላይ "ፍጹም ጸጥታ" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ብዕር ሲጫር ይሰማል፤ ሰው ምራቁን ሲውጥ ሁሉ ይሰማል። መጋረጃ ሰፊዋ አዲሱ ጫማዋ እንዳይጮህ በጣቷ ጫፍ ገባች። ውበቱ ንዴቷን ሊያስረሳት ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ሊቁ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። "እህት ዓለም" አለ በሹክሹክታ። "እህት ዓለም" ካለ ነገር አለ። "ስለ እማዬ ሳስብ ነበር። አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፤ ዓይንሽም እየደከመ ነው። ብንቀጥር ደግሞ ሰው ባዕድ ነው፣ አይታመንም። ልጅቷ ሁለት ዓመት ብቻ ብትቆይና እማዬን ብትይዝ ጥሩ ነው። ሕፃን ናት፣ ምን ያስቸኩላታል? ዩኒቨርሲቲው እንደሆነ ስንት መቶ ዓመት የቆመ ነው፣ የትም አይሄድም። የምዝገባውን ነገር እኔ እዚህ አነጋግሬ አራዝምላታለሁ።"

ይህን ብሎ፣ ነገሩ ያለቀ ያህል፣ ወደ ጣሪያው ሥዕል ጠቆማት።

መጋረጃ ሰፊዋ ጣሪያውን አላየችም። ያየችው ወንድሟን ነው። ለካስ ትኬቱ፣ አበባው፣ ድልድዩ ለዚህ ነው! ለካስ መጠየቂያ ቦታ ሲመርጥ ከከተማው ሁሉ መርጦ ሰው ሊናገር የማይችልበት ቦታ አምጥቷታል! ያኔ ጥጡን የጠቀጠቀው ሐኪም ነበር፤ ዛሬ ጠቅጣቂውም እሱ፣ ጠያቂውም እሱ።

"እምቢ!" አለች።

በሹክሹክታ አልነበረም። ሱቋ በር ላይ ቆማ ማዶ ያለውን ተሸካሚ በምትጠራበት ድምፅ ነው። አዳራሹ ተቀብሎ "እምቢ፣ እምቢ" እያለ አስተጋባው። የተደፋው ራስ ሁሉ ባንዴ ቀና አለ።

"ኧረ ቀስ!" አለ ሊቁ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። "ሰው ያውቀኛል እዚህ!"

"ይወቅህ! ይበልጥ ይወቅህ! እኔን ከአንሶላና ከስፌት መኪና ጋር ቆልፈህ የመጣህበትን ቦታ ልጄ ላይ ደግሞ ልትዘጋው ነው? እናትህ አይደለችም? አንተ ክንድ የለህም?"

የብዙ ዓመት አንቱታዋ በር ላይ ቀርቷል፤ እሷም ልብ አላለችውም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች ሴትዮ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጣች።

"ይቅርታ እህቴ" አለቻት መጋረጃ ሰፊዋ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። "ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ጨርሼ እወጣለሁ።"

አላስጨረሰቻትም። ሁለቱንም፣ የክፍል ኃላፊውን ጨምራ፣ እንደ ረባሽ ተማሪ ወደ በሩ ነዳቻቸው። ከታች አንዲት ልጅ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ሊቁ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ ወረደ።

ውጭ ግቢው ውስጥ፣ አንድ ያበበ ዛፍ ሥር ሲደርሱ፣ የእሱም ቁጣ መጣ።

"አዋረድሽኝ! እኔ ያልኩት ምንድን ነው? ለሁላችን የሚበጀውን ነው ያልኩት። ደግሞ ልጅቷን ጠይቄያታለሁ!"

"ምን?"

"ባለፈው እናንተ ጋ ስመጣ፣ አንቺ የሰው ቤት መጋረጃ ልትሰቅዪ የሄድሽ ጊዜ። ጠየቅኋት፣ ዝም አለች። እሷ ከተስማማች አንቺ ምን አገባሽ?"

ንዴቷ እንኳ ለአፍታ ተወት አደረጋት። ልጇ ይህን ሆዷ ውስጥ ይዛ ስትበላ፣ ስትተኛ፣ አያቷን ስታጥብ ከርማለች፤ ለእናቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የአባት ሕግ አባት ከሞተ በኋላ ሳይሰበር እሷ ቤት ገብቶ ተቀምጧል። ማን አስገባው? ስልኳን አወጣችና ልጇ ጋ ደወለች።

"አጎትሽ የጠየቀሽን ለምን አልነገርሽኝም?" አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትል።

ልጅቷ፣ "ምን ብዬ ልንገርሽ?" አለች።

"እንዲህ አለኝ ትያለሻ! እሱንስ 'አልፈልግም' አትዪውም ነበር? አፍ የለሽም?"

"አንቺስ?" አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ውስጥ እናትየዋ ሰምታው የማታውቀው ቁጣ ነበር። "አንቺ ለእሱ መልሰሽለት ታውቂያለሽ? እሱ መጥቶ ላለው ሁሉ መልስሽ 'እሺ ጋሼ' ነው። አያቴ ላለችውም ሁሉ 'እሺ' ነው። እኔ ከማን ልማር? ብነግርሽ 'እሺ በይው' የምትዪኝ መስሎኝ ነው። ይህን ካንቺ ከምሰማ ዝም ብል ይሻላል ብዬ ነው።"

ጥርስ ሲነቀል እንዲህ አላመማትም። አንድ ብስክሌተኛ ደወሉን እያንቃጨለ በእሷና በሊቁ መሀል አለፈ።

"ዛሬ መልሼለታለሁ" አለች በመጨረሻ። "እምቢ ብዬዋለሁ። ከፈለግሽ የቤተ መጻሕፍቱን ሰው ሁሉ ጠይቂ፤ አስወጥተውናል።"

"አስወጥተዋችሁ?"

"እንደ ሌባ። አሁን ያንቺን አንቺ ተናገሪ፤ እኔ አልናገርልሽም። እንቺ፣ አጎትሽ ነው።"

ስልኩን ሊቁ ጆሮ ላይ ለጠፈችው። እሱ "ሄሎ የኔ ልጅ" ሲል በዚያ ለስላሳ የመምህር ድምፁ ነበር። ከዚያ አዳመጠ። የልጅቷ ድምፅ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ እየቆየ ግን ወፈረና ከስልኩ አልፎ እናትየዋ ድረስ መጣ።

"አያቴን እወዳታለሁ። ግን እሄዳለሁ። ሁለት ዓመት አልጠብቅም፣ ሁለት ወርም አልጠብቅም። ዝም ያልኩህ እሺ ብዬ አይደለም፣ ፈርቼህ ነው። አሁን አልፈራህም... ማለቴ ትንሽ እፈራሃለሁ፣ ግን እሄዳለሁ።"

"እሺ" አለ ሊቁ። "እሺ" ብሎ ደገመና ስልኩን መለሰ።

"እማዬ ካንተ ጋ ትሆናለች" አለች እህት። "ትምህርት ሳይጀመር መጥተህ ትወስዳታለህ። ያ መጽሐፍ ሞላሁበት እያልክ የምታወራልኝ የምድር ቤት ክፍል ይለቀቅላት፤ ደረጃ የለበትም።"

"ሚስቴ እኮ..."

"ሚስትህን ጠይቃት። ጠይቃት እኮ ነው የምልህ! ዝም ስትል እሺ አለች እንዳትል፤ እስክትመልስልህ ቁጭ በል። እማዬንም ጠይቃት፤ እሷንም እስከ ዛሬ የጠየቃት የለም። እንዴት እንደምትገላበጥ፣ እንዴት እንደምትታጠብ አንድ ሳምንት መጥቼ አሳይሃለሁ። ከዚያ በኋላ ያንተ ተራ ነው።"

ሊቁ ጫማው ላይ የረገፈውን አበባ ያይ ነበር። እሷ ጠበቀችው። ድሮ ቢሆን እሱን ከጭንቁ ለማውጣት "ተወው በቃ ጋሼ" ትል ነበር፤ ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ ዋጠችው። ተማሪዎች እየሳቁ በአጠገባቸው ያልፋሉ። አንዱ "ደህና ዋሉ መምህር" አለው፤ አልሰማም።

"እወስዳታለሁ" አለ በመጨረሻ።

እፎይ እላለሁ ብላ ነበር። አላለችም። እንዲህ በአንድ ቃል፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ነገር ከነበረ፣ እነዚያ ሁሉ ዓመታት ምን ነበሩ? ልታንቀው ቃጣት። በዚህ ንዴት መሀል ደግሞ ከተማው ማማሩን አልተወም፤ የአመሻሹ ፀሐይ ረጃጅሞቹ መስኮቶች ላይ አርፋለች፣ የሆነ ቦታ ሰው ፒያኖ ይለማመዳል።

"ጥጡን አይቼው ነበር" አለ ሊቁ ድንገት።

ዞራ አየችው።

"ያኔ ማታ። መናገር እንደማትችዪ አውቅ ነበር። ጠዋትም አውቅ ነበር። ብናገር አባዬ እንደገና ያስበዋል ብዬ ፈራሁ። ውጤትሽ ይበልጥ ነበር።" እንደ ሕፃን ጉንጩን በመዳፉ ጠረገ። "በኋላ ደግሞ ምንም ስላላልሽ፣ ሱቁንም ስለወደድሽው፣ ምናልባት አትፈልግም ነበር ብዬ ራሴን... እህቴ፣ በእውነት መማር ትፈልጊ ነበር?"

"ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?"

"ዛሬ ነው።"

"እፈልግ ነበር።"

"ምን ልትማሪ ነበር?"

ይህን ጥያቄ በሕይወቷ ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ አባቷም፣ እናቷም፣ ያ "መጣሁ" ብሎ የቀረውም። መልሱን ግን አልረሳችውም። በስፌት መኪናው ጩኸት ውስጥ፣ መሰላል ላይ ቆማ የሰው መስኮት ስትለካ፣ ለራሷ ብቻ ስትለው ኖራለች። አሁን ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ወንድሟ እንባ ባቀረረ ዓይኑ እየጠበቀ ነው፤ ቢሰማው ይቅርታ የተደረገለት ሊመስለው እንደሆነ አየች።

"ላንተ አልነግርህም" አለችው። "ሌላውን ሁሉ ወስደኸዋል። ይቺን ለልጄ ነው የምነግራት።"

ከዚያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ልጇ የምትኖርበት የሴት ተማሪዎች መኝታ ቤት በየት በኩል እንደሆነ አንዷን ተማሪ ጠየቀች። ተማሪዋ በእጇ አሳየቻት። ሊቁ ከኋላ "ቆይ ላድርስሽ" እያለ ሲከተላት እሷ መንገዱን ይዛ ነበር።